ለስክሪን የሚሆን ፊት፦ ለቆላው ወንድሜ የተሰጠ ምክር

ወንድሜ፣ የፊልም ተዋናይ ልትሆን እንዳሰብክ ሰማሁ። እሰይ፣ ደግ አስበሃል። ድምፅህ ጥሩ ነው። ያነበብከውን በቃል ትይዛለህ። ሰርግ ቤት ጨዋታ ስትጀምር ሰው ጠላውን ይዞ ይቀራል እንጂ አይጠጣም። ይኼ ሁሉ ግን ለኋላ ይቆየን። ፊልም የሚጀምረው ከፊት ነው፤ ስለ ፊትህ ደግሞ ቁጭ ብሎ የመከረህ ሰው የለም። አይዞህ፣ እኔ አለሁ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለን እናያለን።

1. የትውልድ ቦታህን በጥንቃቄ ምረጥ።

አዲስ አበባ ጥሩ ነው። ቦሌ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ምናልባት ቸኩለህ ቋራ፣ ገለጉ ተወልደህ ከሆነም አትደንግጥ። ካሳ ኃይሉም የቋራ ልጅ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሀገር ገዝቷል። የፊቱን ነገር ግን አስተውል። በሕይወት ሳለ የተነሣው የሚታወቅ ፎቶግራፍ የለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ካጠፋ በኋላ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ፊቱን ነደፈ። ፀጉሩም ተቆርጦ ለንደን ገባ። ናሽናል አርሚ ሙዚየም ያን የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የቋራ ሰው ፊት ተፈላጊ አይደለም የሚሉህን አትስማ። ተፈላጊ ነው። የሚፈለገው ከሞት በኋላ ስለሆነ ብቻ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አንድ ቀን ስለ ቴዎድሮስ ፊልም ይሠራል እንበል። ከጠሩህ ሂድ። «የት ተወለድክ?» ሲሉህ ገለጉ አትበል፤ ግራ ይገባቸዋል። ጎንደር በል። ንግግርህን ቀድመህ አጽዳ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ መዳፍህን እንዳያዩት። ለቋራው ካሳ የሚታጨው ሰው የቋራ ፀሐይ ያልነካው ሰው ነውና ቋራን መምሰል ከፈለግህ በተቻለህ መጠን ከቋራ ራቅ።

2. ከፀሐይ ሽሽ።

ይኼ ቀላል ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በእኛ ቆላ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ግባ፤ ስትጠልቅ ውጣ። የቀረው ጊዜ ሁሉ ያንተ ነው።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ ይደርሳል። የሰሊጥን ጠባይ ታውቀዋለህ፤ በቀኑ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለምነው። ሁለት ሳምንት እንዲታገሥህ፣ ጉዳዩም የፊት ጉዳይ መሆኑን በአክብሮት አስረዳው። እምቢ ካለ ይርገፍ። አባትህ ቢቆጡ «አባባ፣ ለፊቴ ብዬ ነው» በላቸው፤ ይገባቸዋል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት ልጆች ባንተ ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው ይውላሉ፤ ወባውም ፀሐዩም እነሱን ያገኛቸዋል። አንተ ጥላ ውስጥ ስትቀላ እነሱ ይጠቁራሉ። ፉክክሩ ቀነሰልህ ማለት ነው።

የማቅያ ክሬምም አለ። የሱዳን ድንበር ቅርብ ስለሆነ ዓይነቱ ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ነርቭ ይጎዳል ብሎ ያስጠነቅቃል። የጤና ሰዎች ደግ ናቸው፤ ስለ ፊልም ግን ብዙም አያውቁም። ነርቭ ስክሪን ላይ አይታይም።

3. ካሜራውን አትውቀስ።

ፎቶ ስትነሣ ፊትህ ጨልሞ ጥርስህና የዓይንህ ነጭ ብቻ ብቅ ቢል ጥፋቱ ያንተ ነው። ካሜራ ለማንም አያዳላም። ኮዳክ ለረጅም ዓመታት የፎቶ ቀለም ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው በአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉታል። ሸርሊ አምራ ከወጣች ሥራው አለቀ፣ የሰው ዘር ሁሉ አማረ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ላይ ፎቶ መነሣት ሲጀምሩ የጥቁሮቹ ልጆች ፊት ጠፋ። እናቶቻቸው አቤት አሉ። የኮዳክ ፊልም ግን አልተለወጠም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሁለት ዓይነት ባለጉዳዮች መጡ፦ ቸኮሌት የሚሸጡና የቤት ዕቃ የሚሠሩ። የወተቱ ቸኮሌት ከጥቁሩ አይለይም፣ አንዱ እንጨት ከሌላው አይለይም ብለው አማረሩ። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከባድ መሆኑ ታወቀ፤ ፊልሙም ጠቆር ያለውን ቀለም እንዲለይ ተሻሻለ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አቤቱታ ስታቀርብ ሰው ነኝ ብለህ አታቅርብ። ቸኮሌት ነኝ በል። ቸኮሌት ለመሆን ካፈርክ ቁምሳጥን ነኝ በል። የዋንዛ ቁምሳጥን ብትላቸው ቶሎ ይሰሙሃል።

አሁንማ ስልኩ ራሱ ያስብልሃል። ሳትጠይቀው ያለሰልስሃል፣ ያቀላሃል፣ አፍንጫህን ቀጠን ያደርግልሃል። አመስግነው፤ ጓደኛ እንኳ እንዲህ ፊት ለፊት አይናገርም።

4. ፎቶ ቤት ግባና ጉርድ ፎቶ ተነሥ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሙያው የሚጀመረው እዚህ ነው። ቲሸርት ለብሰህ ብትሄድ ምንም አይደል። በሰማያዊው መጋረጃ ፊት ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥ። አገጭህን ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ። አሁን ተነሥና ከፎቶ አንሺው ልጅ ጀርባ ቁም፤ ኮምፒውተሩን እያየህ ተማር። መጀመሪያ አንገትህን ይቆርጠዋል። አትሳቀቅ። ከዚያ ጥቁር ሱፍና ቀይ ክራባት ላይ ይተክለዋል። ሱፉ አንድ ነው፤ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ለብሶታል፣ እስካሁን ግን አልቆሸሸም። ቀጥሎ ማውሱን ያንቀሳቅሳል። በልጅነትህ ፍየል ስትከተል ወድቀህ ግንባርህ ላይ የቀረውን ጠባሳ ያጠፋዋል። ከዓይንህ ሥር ያለውን፣ ከፀሐይ ጋር ስትጨማደድ የመጣውን መስመር ያጠፋዋል። ጉንጭህን ያቀላዋል። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ልጨምር?» ይልሃል። «ጨምር» በለው። እንደገና «ልጨምር?» ይልሃል። አሁንም «ጨምር» በለው። እናትህ አይታ «ይኼ የማን ልጅ ነው? ደስ ሲል!» ካለች ደርሷል።

ያን ፎቶ መታወቂያህ ላይ ለጥፈህ መንገድ ግባ። ኬላ ላይ ፈታሹ መታወቂያውን ያያል፤ አንተን ያያል፤ መልሶ መታወቂያውን ያያል። «ይኼ ማነው?» ይላል። አትቆጣ። የመጀመሪያ ኦዲሽንህ ነው። ፎቶውን ለመምሰል ሞክር። ክራባት እንዳለህ አድርገህ አንገትህን ቀና አድርግ፤ ጠባሳህን በኮፍያ ጋርድ። ኮፍያህን አውልቅ ካለህ አውልቅ። ካሳለፈህ ዋና ተዋናይ ሆነሃል። ካላሳለፈህ ከመኪናው ወርደህ ከሌሎቹ ጋር ጥጉ ላይ ቁም። የአጃቢ ተዋናይ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ንግግር የለውም።

5. ሁለቱንም ዓይንህን አሳይ።

ይኼን ከአያቶቻችን ውሰድ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይን ያያል፤ ክፉው ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ ቀና ብትል ጣራው ሙሉ መላእክት ሁለት ሁለት ዓይናቸውን ጥለውብህ ታገኛቸዋለህ። ስለዚህ ካሜራ ባለበት ቦታ ሁሉ ወደ ካሜራው ዙር። ሰው ቢጠራህ አትዙር። የምትወዳት ልጅ ስታለቅስ እንኳ ካሜራውን እያየህ አባብላት።

ደንቡ አንድ ጊዜ ተጥሷል። በኢቴቪ «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ክፋቱን በሁለት ዓይኑ አሳየ። ጎረምሳ አልነበረም፣ ፊቱ አልተለሰለሰም፣ ግንባሩ ላይ የዕድሜው መስመር እንዳለ ነበር። ሀገሩ ሁሉ ረገመው፤ አስናቀ ሲገባ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ ያነሣ አልነበረም። ይኼን እንደ ምሳሌ አትውሰደው። ችሎታ ነው፤ ችሎታ ደግሞ የዛሬው ርዕሳችን አይደለም።

6. ፊትህን ከሰው ጋር ቀላቅል።

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ የወንጀለኛ ፊት ምን እንደሚመስል ሊያውቅ የእስረኞችን ፎቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበ። አስፈሪ ፊት ይጠብቅ ነበር። የወጣው ግን ከእያንዳንዱ እስረኛ ይልቅ ያማረ ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ነገሩን በኮምፒውተር ሠሩት፦ የብዙ ሰው ፊት ሲቀላቀል ተመልካች ከነጠላው ፊት አብልጦ ይወደዋል። ውበት የሚሉት ነገር አንዱ ወገኑ አማካይ መሆን ነው።

አማካዩ የሚወጣው ታዲያ ክምሩ ውስጥ ከገቡት ነው። በክምሩ ውስጥ ገለጉ የለችም። አንተ በዚህ አትከፋ፤ የራስህን ክምር ሥራ። በገበያ ቀን ቁምና የሚያልፈውን ሁሉ በልብህ ደራርብ፦ አማራውን፣ ጉሙዙን፣ ቅማንቱን፣ አገዉን፣ ከወሎ ለሥራ የወረደውን፣ ጀለቢያ የለበሰውን ሱዳናዊ ነጋዴ። የሚወጣው ፊት በሳይንሱ መሠረት እጅግ ያማረ መሆን አለበት። ለማንም ግን አታሳየው። መጀመሪያ የሚጠይቁህ የየትኛው ወገን እንደሆነ ነው።

7. ሴቶች ምን ዓይነት ፊት ይወዳሉ ብለህ አትጠይቅ።

ፊቱን የሚመርጠው ፕሮዲዩሰሩ ነው። እሱም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ሴቶች ምን እንደሚወዱ ያውቃል፣ ጠይቋቸው አያውቅም።

8. ቱርክ ሁን።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከያዘ ወዲህ አፍቃሪ ሰው ምን መምሰል እንዳለበት ቁርጡ ታውቋል። ጢሙ ሦስት ቀን ያደረ የሚመስል፣ መንጋጋው የተጠረበ፣ ዓይኑ ቡናማና ተበዳይ። ፀጉር ቤት ግባ። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ፊቶች አሉልህ። ስም አትጥራ፤ «አሥራ ሰባት ቁጥር አድርግልኝ» በል። የጢምህን ዳር በጥቁር ቀለም ያሰምርልሃል። በእኛ ሙቀት ቀለሙ እኩለ ቀን ላይ ከላቡ ጋር ወደ አንገትህ መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥቁር ሸሚዝ ልበስ። ጥቁር ሸሚዝ ሙቀት ይስባል፤ ስለዚህ አትንቀሳቀስ።

መንጋጋ እንዲወጣልህ ምላስህን ላንቃህ ላይ አጣብቀህ ዋል ይላሉ የዘመኑ ልጆች። ሐኪሞች በቂ ማስረጃ የለውም ባይ ናቸው። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ቆላ፣ ምላስን ላንቃ ላይ አጣብቆ መዋል ከመንጋጋም ያለፈ ጥቅም አለው።

አንድ ነገር ብቻ አስተውል። የምትወደው አፍቃሪ ሁለት ሰው ነው። ፊቱ ከኢስታንቡል መጥቷል፤ ድምፁ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ፣ መልኩን አይተህ የማታውቀው ያገርህ ልጅ ነው። ከንፈሩ ቀድሞ ይዘጋል፣ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ማንም ቅር አይለውም። ሥራው እንዲህ ተከፋፍሏል፦ ፊት ከዚያ፣ ድምፅ ከዚህ። ከገለጉ የሚፈለገው ተመልካች ነው። ድርሻህን አታቃልለው፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን የምታስነሳው አንተ ነህ።

9. ምንም አታድርግ።

ይኼ የትወና ሁሉ ቁንጮ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩለሾቭ የሚባል ሩሲያዊ ፊልም ሠሪ ኢቫን ሞዡኪን የተባለው ዝነኛ ተዋናይ ፊቱ ምንም ሳይል የተቀረጸበትን የፊልም ቁራጭ ወሰደ። ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር አያያዘው፤ ተመልካቹ «እንዴት ቢርበው ነው!» አለ። ከሕፃን ሬሳ ሣጥን ጋር አያያዘው፤ «ኀዘኑ አንጀት ይበላል» አለ። ከቆንጆ ሴት ጋር አያያዘው፤ «አቤት ምኞት!» አለ። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነበር። ሥራውን የሠራው መቀሱ ነው።

ይኼን ፊት ለማሠልጠን የትወና ትምህርት ቤት አያስፈልግህም። ጉዳይ ይዘህ ወደ አንድ ቢሮ ሂድ። ኮሪደሩ ላይ ቁም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» ሲሉህ ፊትህን አታንቀሳቅስ። ነገ ተመለስ። «ሲስተም የለም» ሲሉህ አታንቀሳቅስ። «ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች» ሲሉህ «ነፍስ ይማር» በል፤ ከከንፈርህ በቀር ግን ምንም አታንቀሳቅስ። «ፋይልህ እኮ እዚህ አይደለም ያለው» ሲሉህ ደግሞ ትንፋሽህን እንኳ እንዳይሰሙ። እንዲህ ስትመላለስ ከርመህ ፊትህ ከሞዡኪን ጋር ይስተካከላል። የሚለያችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለእሱ ሾርባ አቅርበውለታል።

10. አንዳንድ ነገር አትይ፣ አንዳንድ ነገርም አትስማ።

ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው። በዚህ በኩል ልታፍርበት አይገባም። ፊልሞቹን ግን ተጠንቀቅ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ በጥቁርና ነጭ፣ የትወና ትምህርት ያላዩ ገበሬዎችን ፊት እንዳለ ቀረጸው። ላቡ ላብ ነው። የተሰነጠቀው ከንፈር አልተቀባም። ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆማል፤ ይቆያል፤ አንተ ጨረሰ ስትል ገና ነው። ሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሸለሙት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ። እንዲህ ያለ ነገር ወጣት ያሳስታል፤ ፀሐይ የነካው ፊት ያምራል ብለህ ማመን ትጀምራለህ። ቬኒስ ሩቅ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ቅርብ ነው።

ሬዲዮም እንዲሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ፊቱን አላሳየም። እያንዳንዱ ቤት የልቦለዱን ባለታሪክ በዛብህን ራሱ ሣለው። ቆላ ያለው ሰውም በዛብህን ቆላ ሰው አድርጎ ሣለው፤ ፈቃድ የጠየቀ የለም፣ መብራት ያስተካከለ የለም፣ ፊት የመረጠ የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት ለፊልም ሥራ አይበጅም።

11. የተሰጠህን ሚና አክብረህ ተቀበል።

በፊልሞቻችን ዋናው ሰው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ቤቱ ውስጥ ደረጃ አለ፤ ሲናደድ ይወጣዋል፣ ሲታረቅ ይወርደዋል። ይኼ ሚና ተይዟል። ለአንተ የተዘጋጁልህ ግን በርካታ ናቸው፦ ዘበኛ፣ ኮንትሮባንዲስት፣ ሽፍታ፣ ከባላገር መጥቶ ሊፍት የሚፈራው አጎት። አጎትየውን እመክርሃለሁ፤ ሁለት ትዕይንት አለው።

ምናልባት አጎትየውንም የከተማ ተዋናይ ይወስደው ይሆናል። ፊቱን አጥቁረው፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥለው፣ ዱላ አስይዘው ያመጡታል። አትቀየም። የአንተ ፊት አስቀድሞ የጠቆረ ስለሆነ አንተን ቢወስዱ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ሥራ ታጣለች። እሷም የቤተሰብ ኃላፊ ናት።

ፊልሙ በሚሞሪ ተጭኖ ገለጉ ሲደርስ ሄደህ እይ። የኋላውን ወንበር አትያዝ፤ መሐል ላይ ተቀመጥ። ያ አጎት በር ከፍቶ ሲገባ፣ ያንተን አባት አነጋገር አጣሞ ሲናገር፣ ከሊፍቱ ሲሸሽ፣ ቤቱ ይስቃል። አንተ ቀድመህ ሳቅ። ከሌላው ዘግይተህ ከሳቅህ ሰው ዞር ብሎ ያይሃል። ዋናው ሰው ደረጃውን ሲወርድ ደግሞ ዝም በል፤ ጎንህ የተቀመጠው ልጅ «አቤት መልክ!» ሲል ራስህን ነቅንቅለት።

12. ለእርጅናህ ከወዲሁ አስብ።

ይኼን ሁሉ አልፈህ ተሳካልህ እንበል። ፊትህ ታወቀ፣ ልጆች መንገድ ላይ በገጸ ባሕርይህ ስም ጠሩህ፣ ጉማ የፊልም ሽልማት ላይ ቀይ ምንጣፍ ረገጥክ። የፍቃዱ ተክለማርያምን ነገር ግን አስታውስ፤ ያን የቋራውን ንጉሥ መድረክ ላይ ተጫውቶ ስሙ ከቴዎድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ቀርቷል፤ ታላቅ ተዋናይ ነበር። ሲታመም ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አረፈ። በሀገራችን ጡረታ የሌለው ዝነኛ ፊት የመጨረሻ ሚናው ብዙ ጊዜ የእርዳታ ማሰባሰቢያው ፖስተር ነው። ለዚህ ሚና ኦዲሽን የለም፤ ከገለጉ ብትመጣም አይከለክሉህም።

ስለዚህ ገና ጉልበት ሳለህ አንድ ጥሩ ፎቶ ተነሥ። እንደ ጉርዱ አይሁን፤ ሰው ሊያውቅህ ይገባል። ጠባሳህ እንዳለ ይቀመጥ። በጣም አትሳቅ፣ የተረፈው ይመስላል፤ በጣም አትዘን፣ ያለቀለት ይመስላል። ኢንተርኔት የሚጠፋበት ጊዜ አለና ስልክ ላይ ብቻ አትተወው፤ ሁለት ሚሞሪ ላይ ጫንና አንዱን ለእናትህ ስጥ። ጥራቱ ከፍ ያለ ይሁን፣ ሲያሳድጉት እንዳይደበዝዝ። ከአገጭህ በታች ደግሞ ለባንክ ሒሳብ ቁጥር ሰፋ ያለ ነጭ ቦታ ተው፤ የንግድ ባንክ ከሆነ 13 አሃዝ ነው።